ውሃ የጠጣው ሸክላ

ሐረር፣ ፈላና በር
ጥቅምት 12 ቀን 1963 ዓ.ም.

ይድረስ ለእልፍነሽ በቀለ፣ አዲስ አበባ

እንደምን ሰነበትሽ ልጄ? ጉሮሮሽስ እንዴት ይዞሻል? እኔ ጉልበቴ ደረጃ አልወጣም ብሎ ከማስቸገሩ በቀር ደህና ነኝ። ደብዳቤሽ የደረሰኝ የአንድ መምህር ሬዲዮ ከፍቼ ሆዷን ስጎረጉር ነው። አንብቤ እስክጨርስ ካውያዬ ቀዘቀዘ፤ ሰውየውም ነገ እመለሳለሁ ብሎ ሄደ።

ለጠየቅሽኝ ልመልስ። አዎ፣ ሸክላሽን እቀበላለሁ። ሬዲዮ መጠገኑን አልተውኩም፤ ግን አሁን ከሱቁ በር በላይ «አባይነህ የሸክላ ማከፋፈያ» የሚል ሰሌዳ ተሰቅሏል። ፊደሉ ትንሽ ተንጋዷል፤ ስትመጪ እንዳትስቂ። የማከፋፍለውም ባንድ የሌላቸውን፣ ጌታ የሌላቸውን ነው። ከገጠር የመጣ ክራር መቺ አለኝ፤ ከጀጎል ውስጥ በሠርግ የሚዘፍኑ ሴቶች አሉኝ። ባንድ ያለውንማ ባንዱ ይሸጥለታል፤ እኔን ምን አስገባኝ?

አሠራርዎ እንዴት ነው ብለሻል። መጀመሪያ ለማንም አልሸጥም። ለፀጉር አስተካካዩ፣ ለሻይ ቤቱ፣ ለልብስ ሰፊዎቹ አንድ አንድ በነፃ እሰጥና ዝም እላለሁ። ሰው «ያ ዘፈን የታለ?» እያለ በራሱ እግር ሲመጣ ያን ጊዜ ካርቶኑን እከፍታለሁ። ደግሞ ከቀትር በኋላ፣ ከተማው ጫቱን ይዞ ጋደም ሲል፣ በበሩ አናት ላይ ባለችው ድምፅ ማጉያ ቀስ አድርጌ አጫውታለሁ። በዚያ ሰዓት ሐረርን ታውቂያታለሽ፤ አህያው እንኳ ቆሞ ያስባል። ያኔ የገባ ዘፈን ከሰው ልብ በቀላሉ አይወጣም።

የእናትሽ መስኮት ዘንድ ይሰማል ወይ ላልሽው፣ ይሰማል። ከእኔ ሱቅ እስከ እነሱ ደጅ ያለችው መንገድ አልሰፋችም።

ስለ ስሙ ግን ምክሬን ልንገርሽ፤ ካልጣመሽ ተይው። «እልፍነሽ» ብቻ ይበቃል። የዛሬ አራት ዓመት አንቺን ልሸኝ ቆሜ እናትሽ ያሉትን ሰምቻለሁ። «ሂጂ፣ ዝፈኚ፤ የበቀለን ስም ግን ለመሸታ ቤት እንዳታውዪው። ያዋልሽው ቀን ደጄን እንዳትረግጪ» ነው ያሉት። እሜቴ ጥሩወርቅ የተናገሩትን የሚረሱ ሴት አይደሉም። አንቺ ደግሞ ይህን ሁሉ የምታደርጊው ያንን ደጅ መልሰሽ ለመርገጥ ነው፤ ወይስ ተሳስቻለሁ?

አክባሪሽ
አባይነህ


አዲስ አበባ
ጥቅምት 27 ቀን 1963

ለጋሽ አባይነህ

ጋሼ፣ ጉልበትዎን ይማርልኝ። በሰሌዳው ስቄያለሁ፤ ሳላየው ሳቄ መጣ፤ ይቅር ይበሉኝ።

አልተሳሳቱም። ለዚያው ነው። ለሌላ ለምንም አይደለም። ነገር ግን «እልፍነሽ» ብቻ አይሆንም። ባንድ ውስጥ እያለሁ ስሜን በየምሽቱ ሰው ሲቀያይረው ኖሬያለሁ። አንዱ «የሐረሯ ጽጌሬዳ» ብሎ ይጠራኛል፤ ሌላው የራሱን የቀድሞ ወዳጅ ስም ይሰጠኛል። እኔ መድረክ ላይ ቆሜ፣ ማን ናት ደግሞ ይቺ፣ እላለሁ። ባንዱን ጥዬ የወጣሁት በዚህ ነው። አሁን በገዛ ሸክላዬ ላይ አባት እንደሌለው ልጅ ግማሽ ስም ልጻፍ? እልፍነሽ በቀለ ነኝ። እማዬ ያለችው ለመሸታ ቤት እንዳታውዪው ነው፤ ለእኔ እንዳትዘፍኚ አላለችም። ይህ ዘፈን ደግሞ የእሷ ነው።

ደብዳቤዬን አትቀበልም፤ ይህን እርስዎም ያውቃሉ። ላንብብልዎ ያላትን ሰው ሁሉ «እዚያው ያዘው» እያለች መልሳለች። ድምፅን ግን እንዴት አድርጋ ትመልሰዋለች? በመስኮት ይገባላታል። አባዬ የሠራው መስኮት ድሮም በደንብ አይገጥምም፤ እንጨቱ ሳይደርቅ ቸኩሎ የሠራው ነው። ይህን ስትለው «አየር ይግባበት ብዬ ነው» ይላት ነበር፤ ነፍሱን ይማረውና።

ግጥሙን ማየት ሳይፈልጉ አይቀሩም። ሁሉን አልጽፈውም፤ ሲደርስ ይሰሙታል። አዝማቹ ይህ ነው፦

ገርበብ አርጊው በሩን፣ አትዝጊው እናቴ፣
ሄድኩ እንጂ መች ወጣሁ ከደጅሽ፣ ከቤቴ።

ሰሞኑን ሕልም አየሁ። ዘፈኔ ሰው ሆኖ በጀጎል ጠባብ መንገድ ይሄዳል። ነጠላ ለብሷል፤ በኖራ የተቀባውን ግድግዳ በእጁ እየዳሰሰ ነው የሚሄደው። እኔ ከኋላ እከተለዋለሁ፤ ስጠራው አይዞርም። ፈላና በር ሲደርስ ቆመና «የማን ልጅ ነኝ ልበል?» አለኝ። ምን ብዬ እንደመለስኩለት ሳላውቅ ነቃሁ። ቀኑን ሙሉ ከዚያ ሕልም ውስጥ አልወጣሁም፤ ሻይ ላይ ጨው ጨመርኩ።

ሸክላው ውጭ አገር ታትሞ መጥቷል፤ መሃሉ ግን ባዶ ነው። የስሙን ወረቀት እዚህ ማተሚያ ቤት አሳትሜ፣ ከሰገነት ጋር (አብራኝ የምትኖረዋ ልብስ ሰፊ ናት) በዱቄት ሙጫ እየለጠፍን ነው። ቤቱ ሁሉ ሊጥ በሊጥ ሆኗል። በባቡር እስከ ድሬዳዋ ይደርስልዎታል። ከዚያ ወዲያ ያለው በእርስዎ እጅ ነው።

ልጅዎ
እልፍነሽ


ሐረር
ኅዳር 24 ቀን 1963

ለእልፍነሽ

ልጄ፣ ሰላም ላንቺ ይሁን። ለሰገነትም ሰላም በይልኝ፤ ሳላያት ወድጃታለሁ።

ደርሷል ወይስ ጠፋ ብለሽ ሁለት ጊዜ ጻፍሽብኝ። ደርሷል። አንድም አልተሰበረም፣ አንድም አልተጣመመም። ከድሬዳዋ ያመጣልኝ ዓሊዪ ነው። አታውቂውም መሰለኝ፤ የሶፊ መንደር ሰው ነው፤ በየቀኑ ጫት ጭኖ ድሬዳዋ ይወርድና ባዶ መኪናውን ይዞ ይመለሳል። ጫት ቆሞ አይጠብቅምና ከዓሊዪ መኪና የሚፈጥን የለም። ካርቶኑን ሲያወርድ ደረቱን መታ አድርጎ «ወላሂ ጋሽ አባይነህ፣ እንደ ጫቴ ነው የተንከባከብኩት» አለኝ። እውነቱን ነው።

የስሙ ወረቀት አምሮበታል ወይ ብለሽ ጠይቀሻል። እሱን በሌላ ደብዳቤ እመለስበታለሁ፤ ቀለሜ እያለቀ ነው።

ሰኞ ከቀትር በኋላ ለመጀመሪያ ጊዜ አጫወትኩት። ምን ልበልሽ። ፀሐይዋ በበሩ ገብታ እስከ ጠረጴዛዬ እግር ደርሳ ነበር። ሸክላው ይዞራል፤ አንቺ ትዘፍኛለሽ። በመንገዱ ላይ ሰፌድ የያዘች ሴት ታልፍ ነበር፤ ቆመች። ልብስ ሰፊዎቹ ከስፌት መኪናቸው ላይ እግራቸውን አነሱ። ጣቃ ጨርቅ ተሸክሞ ይሄድ የነበረው ሰውዬ ጨርቁን ሳያወርድ ግድግዳ ተደግፎ ዓይኑን ጨፈነ። ዘፈኑ ሲያልቅ እኔ መርፌውን ማንሳት ረስቼ ሸክላው ባዶውን ሲሽከረከር ቆየ። አራት ዓመት ሙሉ ይህን ድምፅ የት ደብቀሽው ነበር?

የእናትሽ መስኮት ክፍት ነበር። ዘፈኑ ተጀመረ፤ አልተዘጋም። ዘፈኑ አለቀ፤ አልተዘጋም። የማውቀው ይህን ያህል ነው፤ ከዚህ በላይ እንዳታስጨንቂኝ።

ወደ ጅጅጋና ወደ ድሬዳዋም ልኬያለሁ። የጥር ሠርግ ሳይገባ መድረስ አለበት።

አባይነህ


አዲስ አበባ
ታኅሣሥ 14 ቀን 1963

ለአቶ አባይነህ

ዛሬ ጋሼ አልልዎትም።

ትናንት አንድ የጅጅጋ ሹፌር ሱሪ ሊያሳጥር ሰገነት ዘንድ መጣ። ቆሞ ሲጠብቅ ያፏጫል። ዘፈኔን ነው የሚያፏጨው! እንባዬ መጣ። ማን ዘፈነችው ብዬ ጠየቅኩት፤ ስሜን ከሰው አፍ ልስማው ብዬ። «ማን ያውቃል» አለኝ። «ስም የለውም፤ መሃሉ ባዶ ነው። እኛ የሙሽራዋ ዘፈን ነው የምንለው።»

መሃሉ ባዶ ነው! ሰገነትና እኔ ወገባችን እስኪቆረጥ የለጠፍነው የት ሄደ? ቀለምዎ ያለቀው ለዚህ ነው? ቀለሙ ያለቀበት ሰው ስለ ፀሐይና ስለ ሰፌድ ያን ሁሉ ይጽፋል እንዴ? እኔ ነገሩ ገብቶኛል። እማዬን ፈርተው ነው። ከጎረቤት ጋር ከምጣላ የልጅቱ ስም ይታጠብ ብለው በገዛ እጅዎ አጥበው ጣሉት። መምከርዎን መከሩኝ፤ እምቢ ስል ጊዜ ዝም ብለው የፈለጉትን አደረጉ። ባንዱም እንዲሁ ነበር ያደረገኝ።

እርስዎን አባቴ የሞተ ዕለት ትከሻዬን ይዘው የቆሙ ሰው ብዬ ነበር የማስበው። ሌላ የምለው የለኝም።

እልፍነሽ በቀለ


ሐረር
ታኅሣሥ 21 ቀን 1963

ለእልፍነሽ በቀለ

ስምሽን በሙሉ ጽፌዋለሁ፤ አየሽ።

ተሳድበሻል፤ ይገባኛል። ግን መሰደብ ያለብኝ ባላደረግኩት አይደለም፤ ባደረግኩት ነው። ያደረግኩት መደበቅ ነው። ማጠቡንስ ዓሊዪ ነው ያጠበው።

ቁጭ በይና ስሚኝ። ጫት እንዳይጠወልግ ከላይ በእርጥብ ሣርና በቅጠል ይሸፈናል፤ መንገድ ላይም ውሃ ይረጫል። ዓሊዪ ዕድሜውን በሙሉ ይህን ሲያደርግ ኖሯል። ካርቶንሽን ከባቡር ጣቢያ ሲረከብ የድሬዳዋ ሙቀት ያው የድሬዳዋ ሙቀት ነው። እኔ ደግሞ ቀደም ብዬ «ሸክላ ሙቀት አይወድም፣ ይጣመማል፣ አደራህን» ብዬዋለሁ። ጥፋቴ ይህ ነው። አደራ ያልኩት ሰው ምን ያድርግ? በእርጥብ ቅጠል ሸፈነው። ሽቅብ ሲወጣ ደግሞ በየመንገዱ እየቆመ ውሃ አጠጣው። ዘፈንሽን ውሃ አጠጣልሽ፣ ልጄ! ስከፍተው ካርቶኑ ውስጥ የስምሽ ወረቀት ሁሉ ተላቆ ቡኮ ሆኗል፤ ፊደሉ የለ፣ ወረቀቱ የለ። የእናንተም የዱቄት ሙጫ አላገዘንም። ሸክላዎቹ ግን ንጽሕ ብለው፣ ጥቁር ብለው፣ እያብረቀረቁ። ዓሊዪ አጠገቤ ቆሞ «ማሻአላህ፣ አንድም አልጠወለገም» አለ።

ምን ልበለው? መጀመሪያ ልጮህበት አሰብኩ። ከዚያ መሬት ላይ ቁጭ ብዬ ሳቅኩ፤ ስስቅ ደግሞ አንቺ ትዝ አልሽኝና ሳቄ ቆመ። የጥር ሠርግ ደርሷል፤ ጅጅጋ ይጠብቃል። ስም አልባውን ላክኩት። ላንቺ ለመጻፍ ብዕር ባነሳሁ ቁጥር መልሼ አስቀመጥኩት፤ ያን ያህል የምትፈልጊው ስም ነውና። ፈሪ ነዎት ካልሽኝ ፈሪ ነኝ። አጥበው ጣሉት ግን አትበይኝ፤ እሱ አይዋጥልኝም።

ዓሊዪ ነገሩን ሲሰማ ራሱን ይዞ ጮኸ። ለእናትሽም ለአንቺም ዱዓ አደርጋለሁ ብሎ ሄዷል።

አባይነህ


አዲስ አበባ
ጥር 2 ቀን 1963

ጋሼ፣

ውይ ጋሼ! ደብዳቤዎን ለሰገነት ሳነብላት በመርፌዋ ጣቷን ወጋች። ውሃ አጠጣው! እየቆመ ውሃ አጠጣው! እስከ ማታ ስንስቅ ዋልን፤ ከዚያ እኔ አለቀስኩ፤ ከዚያ እንደገና ሳቅን። ዓሊዪን ምንም አይበሉብኝ። እስከ ዛሬ ዘፈኔን እንደሱ የተንከባከበው የለም።

ለጻፍኩት ክፉ ቃል ይቅርታዎን እለምናለሁ። ደብዳቤውን ይቅደዱልኝ። አቶ ያልኩትንም አብረው ይቅደዱት።

አዲስ ወረቀት አሳትሜ በፖስታ ልኬያለሁ፤ «እልፍነሽ በቀለ» የሚለውን ከዘፈኑ ስም አስበልጬ። በእጅዎ ላለውም ለሚመጣውም ይበቃል። ይለጥፉልኝ።

ግን አንድ ነገር አልነገሩኝም። ከዚያ ሰኞ ወዲህ መስኮቱስ? እማዬ ሰምታለች? አውቃኛለች? ጋሼ፣ በሞቴ፣ ቀለም አለቀብኝ እንዳይሉኝ።

ልጅዎ
እልፍነሽ


ሐረር
ጥር 24 ቀን 1963

ለእልፍነሽ

ሁሉንም ቀድጄዋለሁ፤ አቶውንም። ወረቀቶቹ ደርሰዋል፤ መሳቢያዬ ውስጥ ናቸው። ለምን እስካሁን አልለጠፉም ብለሽ በመጣው ሰው ሁሉ አስጠየቅሽኝ። እነሆ ምክንያቱን።

ከጥምቀት በኋላ የአቶ ሥራዬ ልጅ ፀሐይ ተዳረች። ያቺ አብራችሁ ገመድ ትዘሉ የነበረችዋ። ሰፈሩ በሙሉ ዳሱ ውስጥ ነው፤ እናትሽም አሉ። ሙሽራዋ ከእናቷ ቤት የምትወጣበት ሰዓት ሲደርስ ወንድሟ ማጫወቻውን ከፈተና ያንቺን ሸክላ አስቀመጠ። እኔ አላዘዝኩም፤ ከማን እንደገዛውም አላውቅም። አንቺ ለእናትሽ የዘፈንሽውን አገሩ ሁሉ ሙሽራ ለእናቷ የምትዘፍነው አድርጎታል። ስም ስለሌለው ለሁሉ በቅቷል፤ ጅጅጋም ድሬዳዋም እንዲሁ ነው የሚባለው። ሌላ ላክልን እያሉ ነው።

«ገርበብ አርጊው በሩን» ስትዪ ሴቶቹ ተንሰቀሰቁ። እናትሽ ከዳሱ ምሰሶ አጠገብ ነበሩ፤ ነጠላቸውን ፊታቸው ላይ ሳብ አድርገው እንዳሉ ቆዩ። ዘፈኑ አለቀ። ከነጠላው ውስጥ አንድ ድምፅ «ይደገም» አለ። የእሳቸው ነው፤ በጆሮዬ ነው የሰማሁት።

ከዚያ ወዲህ ከቀትር በኋላ መስኮታቸው ላይ ናቸው። አንድ ቀን መብራት ሄዶ ሳላጫውት ቀረሁ። ከመስኮት ሆነው «አባይነህ፣ ዛሬ ምነው ዝም አልክ?» አሉኝ። አንቺ ከሄድሽ ጀምሮ ከሰላምታ ያለፈ ቃል ተናግረውኝ አያውቁም ነበር።

አውቀዋል ወይ? እኔ እንጃ። እናት የልጇን ድምፅ ትስታለች? ግን አላሉም፤ እኔም አልጠየቅኩም። የሚያስፈራኝ ይህ ነው። አሁን ስም ስለሌለው ነው ሳያፍሩ የሚሰሙት። ወረቀቱን ስለጥፍ አገሩ ሁሉ «የጥሩወርቅ ልጅ፣ የበቀለ ልጅ» ይላል። ያን ቀን መስኮቱ ቢዘጋስ? ልጄ፣ እኔ አልመርጥልሽም፤ አንዴ መርጬልሽ አይተሽዋል። ልለጥፍ ወይስ ልተው? አንቺ ያልሽውን።

አባይነህ


አዲስ አበባ
የካቲት 1 ቀን 1963

ጋሼ፣

ደብዳቤዎን ኪሴ ውስጥ ይዤ ሦስት ቀን ዞርኩ። «ይደገም» የሚለውን ቦታ እያወጣሁ አነበዋለሁ፤ መልሼ አጥፈዋለሁ።

ይተዉት። አይለጥፉት።

አይዘኑብኝ፤ ተናድጄ አይደለም። ስሜን የፈለግኩት እሷ እንድትሰማኝ ነበር። ስሜ ሳይኖር ከሰማችኝ ስሙ ምን ያደርግልኛል? ከቀትር በኋላ እዚህ ሥራዬን አቁሜ እቀመጣለሁ። አሁን ጋሽ አባይነህ መርፌውን አስቀመጡ፣ አሁን እማዬ ክርኗን መስኮቱ ላይ አደረገች፣ እላለሁ። ዓይኔን ስጨፍን እዚያ ነኝ፤ የመንገዱ አቧራ ይሸተኛል፤ አባዬ የሠራው እንጨት ይታየኛል። ሰገነት «አንቺ ልጅ፣ ታመሻል?» ትለኛለች። አልታመምኩም። አራት ዓመት ሙሉ እናቴ ቤት እንዲህ ገብቼ አላውቅም።

መምጣቱን ግን ትቼዋለሁ። ከመጣሁ እኔ መሆኔ ይታወቃል፤ ያኔ መስማቷን ትተዋለች። ሙሽራዋ ሆኜ ልቅር።

ወረቀቶቹን አይጣሉብኝ፤ መሳቢያው ውስጥ ይቆዩልኝ።

እልፍነሽ


ሐረር
የካቲት 11 ቀን 1963

ለእልፍነሽ በቀለ

ልጄ፣ ያልሽኝን ላደርግ ነበር። አደራሽን አልበላሁም፤ ግን ከአቅሜ በላይ የሆነ ሰው መጣብኝ። ቁጭ ብለሽ አንብቢው።

ለተማርያምን ታውቂያታለሽ፤ ከወፍጮ ቤቱ አጠገብ ያለችዋን። ባለፈው እሑድ በማኅበር ላይ የሙሽራዋ ዘፈን ተነሳ። ማን ናት የዘፈነችው፣ የአስመራ ናት፣ የለም የድሬዳዋ ናት ሲባባሉ፣ ለተማርያም እግሯን አነባብራ «የባሌ እህት ልጅ ናት፤ ስሟን ያልጻፈችው ከትሕትና የተነሳ ነው» አለች። ሴቶቹም አመኗት። አይ ያቺ ልጅ፣ ማን ያሳደጋት ናት፣ እየተባለ ለተማርያም ስትመረቅ ዋለች። እናትሽ እዚያው ተቀምጠው ነበር አሉ። ጠላቸውን እንኳ ሳይጨርሱ ተነሱ።

ሰኞ ጠዋት ሱቄን ስከፍት በሩ ላይ ቆመዋል። ከነጠላቸው ሥር አንድ ነገር ይዘዋል።

«አባይነህ» አሉኝ።

«አቤት እሜቴ።»

«ያ ሸክላ ስም የለውም አሉ።»

«የለውም።»

«ለምን የለውም?»

የዓሊዪን ነገር ነገርኳቸው። ምን ይሉ ይሆን ብዬ ስጠብቅ በነጠላቸው አፋቸውን ይዘው ሳቁ። ትከሻቸው እስኪነቃነቅ ሳቁ። ከዚያ ፊታቸውን ኮስተር አደረጉና «በምን ነበር የተለጠፈው?» አሉኝ።

«በዱቄት።»

«አባቷ አናጢ ሆኖ በዱቄት ትለጥፋለች?»

እኔ የማን አባት ነው አላልኩም። የማን ልጅ ናት አላልኩም። እሳቸውም ያሉት እንደገባቸው አየሁ፤ ግን አልመለሱትም። ከነጠላቸው ሥር ያለውን አውጥተው ጠረጴዛዬ ላይ አስቀመጡት። ያቺ ጥቁር ድስት ናት፤ የአባትሽ የኮላ ድስት። ኮላው በእሳት ሟሙቶ ይጨሳል፤ ከቤት አፍልተውት ነው የመጡት። በቀለ ከሞተ ጀምሮ ያቺን ድስት ማንም ነክቷት አያውቅም።

«ወረቀት የለህም እንዳትለኝ» አሉኝ። «አዲስ እንደላከች አውቃለሁ። ፖስታ ቤት ያለው የአክስቴ ልጅ መሆኑን ረስተሃል? ለተማርያም ናት ልጄን የምትወልድልኝ?»

ምን ላድርግ? መሳቢያውን ከፈትኩ።

ተቀምጠው ለጠፉ። ፊደል አለመቁጠራቸውን ታውቂያለሽ። መጀመሪያ ላይ «ላዩ የቱ ነው?» አሉኝ፤ አሳየኋቸው። ቀጥለው «በቀለ የሚለውስ?» አሉ። ጣቴን አድርጌ አሳየኋቸው። ከዚያ በኋላ አልጠየቁም። እያንዳንዱን ከለጠፉ በኋላ አውራ ጣታቸውን እዚያች ቃል ላይ ያደርጉና ይዘው ይቆያሉ፤ ኮላው እስኪይዝ ነው። ያንቺን ስም ደግሞ በመዳፋቸው ያሹታል። እኔ ሬዲዮ እጠግናለሁ ብዬ ጀርባዬን ሰጥቼ ተቀመጥኩ፤ የሬዲዮውን ምኑንም አላየሁትም፤ ዓይኔን እንባ ሞልቶት ነበር። ዓሊዪ ብቅ አለና አያቸው። «አትጠጋ!» አሉት፤ እጁን ወደ ላይ አንስቶ «ወላሂ ዛሬ ውሃ አልያዝኩም» እያለ ወደ ኋላው ወጣ።

ሲጨርሱ ተነስተው ነጠላቸውን አራገፉ። አንዱን ሸክላ አንስተው ደረታቸው ላይ አቀፉት።

«ይህን እወስዳለሁ» አሉኝ።

«ይውሰዱ እንጂ። ግን እሜቴ፣ እቤትዎ ማጫወቻ የለም እኮ።»

በሩን ካለፉ በኋላ ነው የመለሱልኝ፤ ዞረውም አላዩኝም።

«እሷ ይዛ ትምጣ።»

አባይነህ


አዲስ አበባ
የካቲት 17 ቀን 1963

ጋሼ፣

ማጫወቻ ገዛሁ። ሰገነት ሽፋን ሰፍታለታለች፤ ሰማያዊ።

ፋሲካን እጠብቃለሁ ብዬ አስቤ ነበር፤ አልቻልኩም። ዓርብ በባቡር እነሳለሁ። ዕቃ ማስቀመጫው ላይ አላደርገውም፤ ጭኔ ላይ ይዤው እመጣለሁ። ድሬዳዋ ስደርስ ዓሊዪ ቢቀበለኝ ደስ ይለኛል። ብቻ አንድ ነገር ይንገሩልኝ፦ እኔ ስሳፈር ቅጠል አያስፈልገኝም።

ለእማዬ ምንም አይበሏት። መስኮቱ ላይ ስትሆን በመንገዱ ስመጣ ራሷ ትየኝ።

እልፍነሽ በቀለ